በር ላይ የተጠራ ስም

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄ ትዕግሥት ስልኳን እየነካካች፣ "እማዬ፣ ሲዮብሃን የምትባል ሰው ታውቂያለሽ?" ስትለኝ ሳላስበው "የለችም፤ እንደዚህ የሚባል ሰው አናውቅም" አልኳት። ቃሉ ከአፌ የወጣው እኔ ሳላዘው ነው። ይዤው የነበረውን የስኳር ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። ይህንኑ መልስ፣ በዚሁ ቃል፣ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ዊንጌት አካባቢ አንድ የብረት በር ላይ ቆሜ ለአንድ ሰው ሰጥቼው ነበር። ያ መልስ ያመጣውን ነገር ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም በቅጡ ተናግሬ አላውቅም።

ትዕግሥት ግን ምን ታውቃለች? "እኔ ታውቂያታለሽ ወይ አልኩ እንጂ ግቢ ገባች አላልኩም" ብላ ሳቀችብኝ። ልጄ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም፤ እሷም ስሙን እንደተጻፈው አድርጋ እንዳነበበችው እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል፣ ያውም በማታ ነው። ያን ስም አይቶ የሚሳሳተው ያልተማረ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

መልእክቱን አስነበብኳት። አንዲት አየርላንድ የምትኖር ሴት ናት የጻፈችው። ድሮ አዲስ አበባ ነርስ እንደነበረች፣ ቤቷ ትሠራ የነበረች ዘነበች የምትባል ሴት ትዕግሥት የምትባል ትንሽ ልጅ እንደነበረቻት፣ ያቺ ልጅ አንቺ ከሆንሽ እናትሽን በሕይወት ካለች ላነጋግራት እፈልጋለሁ ይላል። ስንት ትዕግሥት ዘንድ ጽፋ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። መጨረሻው ላይ "ስለ ውሻው ልጠይቃት የምፈልገው ነገር አለ" ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስልክ እየተያየን እንድንነጋገር ተቀጠረ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ድሮም ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ሲሊንደሩን መዝጋቴን ሦስት ጊዜ አያለሁ። በር ያንኳኳ ሰው ሁሉ ስሙን፣ የመጣበትን ጉዳይና የላከውን መሥሪያ ቤት ሳይነግረኝ አይገባም፤ ሳይነግረኝ ግን አይመለስም። ልጆቼ የማይገባቸው ይህኛው ነው። አንድ ጊዜ ቤት የተሳሳተ ሰውዬ በሩን ሲያንኳኳ፣ "ቆይ፣ የያዝከውን ወረቀት አሳየኝ፣ ምናልባት እኛ እንሆናለን" ብዬ ሩብ ሰዓት አስቁሜዋለሁ። ትዕግሥት ያንን እያነሳች እስከ ዛሬ ትስቃለች። ከየት እንዳመጣሁት ግን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ብትጠይቀኝም አልነግራትም ነበር።

ያን ጊዜ ዊንጌት እንዳሁኑ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ያው ራሱ ነው፤ ከሱ ወደ ላይ ያለው ግን ባሕር ዛፍና የጽድ አጥር ነበር። አሁን መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራት ተተክሎበት፣ ሚኒባሶቹ "መርካቶ፣ መርካቶ" እያሉ ሲጣሩ አንዳንዴ የት እንደቆምኩ ይጠፋኛል። አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ኮንጎ ጫማ ያደረገች ሴት ጫማ አደረገች ይባላል፤ እኔ ሰማያዊ ኮንጎ ነበረኝ፤ ፀሐይ ሲሆን እግሬን እየበላኝ፣ ዝናብ ሲሆን እያንሸራተተኝ ወደድኩት። ስኳር በቀበሌ በወረፋ ነው፣ ሳሙና አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም። የሬዲዮው ዘፈን ከየሻይ ቤቱ እኩል ስለሚወጣ ከቤቴ፣ ከቀጨኔ፣ ተነስቼ ዊንጌት እስክደርስ ዘፈኑን ሳላቋርጥ እየሰማሁ እሄድ ነበር። ትዕግሥት ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አዝያት ነው የምሄደው። ለሰው አደራ ሰጥቻት ለመሄድ አላምንም ነበር።

ያቺ ነርስ ቤት ልብስ ለማጠብና ለማጽዳት የገባሁት በጎረቤት ነው። በሩን የከፈቱልኝ ጥበቃው ጋሽ ደበላ ናቸው። ከሱሉልታ በኩል የመጡ፣ በኦሮምኛ የሚቆጡ፣ በአማርኛ የሚቀልዱ ሰው ነበሩ። እሳቸውን ሰላም ብዬ ቀና ስል በረንዳው ላይ አንድ ግራጫ ነገር ተኝቷል። ጥጃ መሰለኝ። የፈረንጅ ቤት ጥጃ ምን ይሠራል ብዬ ሳልጨርስ ተነሳ። መነሳቱ ማለቂያ አጣ። የፊት እግሮቹ ቆሙ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ እንደገና አንገቱ። ወደ እኔ ሲመጣ ራሱ ደረቴ ጋ ነበር። ልጄን እንዳዘልኩ ዞሬ ልወጣ ስል ጋሽ ደበላ ከኋላዬ፣ "ጌታው፣ እንግዳ ባያስደነግጡ ጥሩ ነው። እባክዎ ወደ ቦታዎ ይመለሱልኝ" አሉ። ለእኔ መስሎኝ ነበር። ውሻው እንደተቆጡት ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ተኛ። ኋላ ለምን አንቱ እንደሚሉት ስጠይቃቸው፣ "አንቺ ብትሆኚ ይህን የሚያህል ፍጡር አንተ ለማለት ትደፍሪያለሽ?" አሉኝ።

ሁሉ ሰው ጅብ ይጥላል ብሎ ጠብቆት ነበር። ጋሽ ደበላ እንደነገሩኝ ጅብ በአጥሩ ጀርባ ባለፈ ቁጥር ጌታው ጥበቃ ቤት ገብተው ራሳቸውን ብቻ ከአልጋ ሥር ይደብቃሉ፤ ሌላው አካላቸው ደጅ ይቀራል። ከሳህኑ የጎረቤት ዶሮ ትበላበታለች፣ እሱ እስክትጨርስ ቆሞ ያያታል። ማዳም፣ ነርሷ ማለቴ ነው፣ አንድ ቀን አንድ ትልቅ መጽሐፍ አምጥታ ሌሎች ትልልቅ ውሾችንም አሳየችኝ። አንዱ ጥቁር ነው፤ ባሕር የገባ ሰው ጎትቶ ያወጣል አለችኝ። አንዱ ቡናማና ነጭ ነው፤ በረዶ የቀበረውን ሰው ይፈልጋል። አንዱ ደግሞ የወተት ጋሪ ይስባል። ሁሉም በሬ ያክላሉ፣ ሁሉም ገር ናቸው። "ትልቅ ውሻ፣ ልብ ለስላሳ" አለችኝ በዚያ በሰባራ አማርኛዋ። እኔ ግራ ገባኝ። ውሻ የሚያዘው ሊጮህ፣ ሊያስፈራ ነው። ይህን ያህል አካል ሰጥተው፣ ይህን ያህል ሥጋ አብልተው፣ መጨረሻ ላይ ገር ማድረግ ለምን አስፈለገ? አሁን እኛ መንደር አንድ አዲስ ቪላ በር ላይ "ኃይለኛ ውሻ አለ" የሚል ተለጥፏል፤ ከሥሩ ወጥታ የምትጮኸው ድመት የምታህል ነጭ ነገር ናት። በእሷም ግራ ይገባኛል፣ ግን ቢያንስ ትጮኻለች።

የውሻው ስም ኦሺን ነው። የእሷ ስም ሺቮን። ጋሽ ደበላም እኔም እንደዚያ ነው የምናውቀው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ልብስ መተኮስ ጨርሼ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፖስታ አየሁ። የፈረንጁን ፊደል በማታ ትምህርት ገና መለየቴ ነው፣ ያየሁትን ሁሉ ካላነበብኩ የምልበት ጊዜ ነበር። ጣቴን እያንዳንዱ ላይ እያደረግሁ "ሲ፣ ዮ፣ ብ፣ ሃ፣ ን" ብዬ አነበብኩ። "ማዳም፣ ይሄ የማን ስም ነው?" አልኳት።

"የእኔ" አለች። "ሺቮን።"

እንደገና አየሁት። ብ አለ፣ ሃ አለ። ሺ ግን የለም፣ ቮም የለም። ከት ብላ ሳቀችና ወረቀት አምጥታ የቤተሰቧን ስም ሁሉ ጻፈችልኝ። እህቷን ኢፋ ትላታለች፣ የተጻፈው ግን አኦይፌ ነው። እናቷን ኒቭ ትላለች፣ ፊደሉ ኒያምህ ይላል። የእኛ ፊደል እንዲህ አያደርግም፤ ሀ ከተጻፈ ሀ ነው፣ አይዋሽም። ታዲያ እነዚህ ፊደላት ለምን ተጻፉ ብላት፣ "ፊደል አለ፣ ድምፅ የለም። የድሮ ነው። የቅዱሳን ጊዜ" አለችኝ።

እሷ እንግዲህ የጻፉት ሰዎች ጥንታዊ ናቸው ማለቷ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ቀጨኔ ስወርድ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ የታየኝ መሰለኝ። እኛ ሁለት ስም የለንም እንዴ? አንዱ የሚጠራ፣ ሌላው የክርስትና ስም፣ በቅዳሴና በጸሎት ካልሆነ የማይነሳ። እናቴ የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር እያስጠነቀቀች ነው ያሳደገችኝ፤ ክፉ ሰው ስምሽን ይዞ ድግምት ያስደግምብሻል ትለኝ ነበር። የፈረንጆቹ ብልሃት ይህ ነው አልኩ። የክርስትናውን ስም ይጽፉታል እንጂ አይጠሩትም። ስሙስ ራሱ! ሲዮብሃን። መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ መካከል ቢጠራ እንግዳ ስም ነው ብሎ ዞር የሚል የለም። ምስጢሯን ስላሳየችኝ ኩራት ተሰማኝ፤ ለጋሽ ደበላ እንኳ አልነገርኩም።

አንድ ነገር ብቻ አልገጠመልኝም። የኦሺን አንገት ላይ የተንጠለጠለች ብረት አለች፤ በማግስቱ ሳነባት ኦይሲን ትላለች። እሱም የሚጻፍና የሚጠራ ስም አለው። እንግዲህ ውሻ ክርስትና ተነስቷል ማለት ነው? ደነገጥኩ። የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ በዘወርዋራ ጠየቅኋቸው። ፈረንጅ የክርስትና ስም አለው ወይ ስላቸው፣ ክርስቲያን ከሆኑ እንዴት አይኖራቸውም አሉኝ። ቤት የሚያድር እንስሳ ቢሆንስ ስላቸው አተኩረው አዩኝና፣ "ልጄ፣ ሥራው በዝቶብሽ ይሆን?" አሉ። ከዚያ በኋላ የውሻውን ነገር ተውኩት። የሴትዮዋን ስም ግን ለቤተሰብ የምናስጸልይበት ወረቀት ላይ አስጨመርኩ። ማን ናት ሲሉኝ ዘመድ ናት አልኳቸው። እስከ ዛሬ እዚያው አለች።

ከዚያ ወሬው ተለወጠ። የውጭ ሰዎች ይሂዱ ተባለ፣ አይሂዱ ተባለ፣ በመጨረሻ እሷ እንድትሄድ ተነገራት። የማስታውሰው መጽሐፎቿን በካርቶን ስናሽግ ነው። ለኦሺን ከአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ያ ከመጣ አብሯት ይበራል፣ ካልመጣ ይቀራል። ይህን ያወቅሁት ግን ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የምታሸጋግረው ሻንጣ እንጂ ውሻ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ደበላ ለለቅሶ አገራቸው ሄደው በሩን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ማዳም ሥራ ላይ ናት። ከበሩ ፊት ለፊት ቦኖ አለ፣ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ውሃ ወረፋ ይዘዋል። አንድ ቦርሳ ያነገበ ሰው መጣና ከወረፋው መሃል ቆሞ፣ ወረቀት እያየ፣ "ሲዮብሃን! ሲዮብሃን የምትባል እዚህ አለች?" ብሎ ተጣራ።

የክርስትና ስሟን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሃያ ሴት ፊት። ወዳጅ ቢሆን በሚጠራው ስም አይጠራትም ነበር? ዘመኑ ደግሞ ሰው ስም ይዞ ሲፈልግ የሚያስፈራበት ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁና፣ "የለችም፤ እንደዚህ የሚባል ሰው አናውቅም" አልኩት።

"የፈረንጅ ቤት አይደለም?"

"የፈረንጅ ነው። የእኛዋ ግን ሺቮን ናት።"

ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየ። "ሺቮን የሚል እዚህ የለም" አለ።

"እንግዲያው በር ተሳስተዋል" አልኩት። አንድ ነገር ጻፈና ቁልቁል ሄደ። እኔ ገብቼ በሩን ቆልፌ ትዕግሥትን አቀፍኳት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለማዳም አልነገርኳትም፤ ስሟ አደባባይ መውጣቱን ብትሰማ ታፍራለች ብዬ ነው። ማታ ስትገባ "ወረቀት መጣ?" ትለኛለች፤ አልመጣም እላታለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ሰውየው የያዘው ወረቀት ስም ማንበቢያው ነው እንጂ የምትጠብቀው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

በሦስተኛው ቀን፣ ልትሄድ ሰዓታት ሲቀሯት፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለች። እኔ መስኮት እየወለወልኩ ነው። ስልኩ ላይ ስሟን በፊደል እየቆጠረች ስትነግራቸው ሰማኋት። ኤስ፣ አይ፣ ኦ አለች። አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ሰው ልከዋል። እዚህ እንደዚህ የሚባል የለም ተባለ" አለች። ጨርቁ እጄ ላይ ነው። ራሷን ነቀነቀችና፣ "በር ተሳስቷል። ስሜ ነው፣ ዘኒ። ሁልጊዜ ስሜ ነው" አለች።

ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ነጸብራቁ ይታየኛል። ሰውየው መጥቶ ነበር፣ የመለስኩት እኔ ነኝ ለማለት ሁለት ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ምን እንደያዘኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሥራ እንዳልባረር አይደለም፣ ሥራው ራሱ ሊያልቅ ሰዓታት ነው የቀረው። ዝም አልኩ። እሷ በሌለበት በሰውየው ላይ አሳበበች፣ እኔም አሳበብኩ።

ስትሄድ ኦሺን አንገት ውስጥ ፊቷን ቀብራ ቆየች። ከዚያ ገመዱን በእጄ አስያዘችኝ። "ዘኒ፣ ውስጥ ነው የሚያድረው። እሺ? ውስጥ" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ስል ውሸቴን እንደሆነ አውቃለሁ። የእኛ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ እመቤታችን አለች፣ መድኃኔ ዓለም አለ። ውሻ እንዴት ይገባል?

ከዊንጌት እስከ ቀጨኔ የሄድኩትን መንገድ ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ በጀርባዬ፣ ገመዱ በእጄ፣ እኔ ልምራው እሱ ይምራኝ አይታወቅም። ሸማኔዎቹ መወርወሪያቸውን እንደያዙ ከየቤታቸው ብቅ አሉ። አንዱ "እናቴ፣ ኮርቻውን የት ጣልሽው?" አለኝ። ወደ ታች ስንደርስ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ለገበያ የተደረደረ ጀበናና ገንቦ ሞልቶታል። ሸክላ ሠሪዋ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ኦሺን እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ጅራቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ አለፈ። አንድ ጀበና አልነካም። ሴትዮዋ፣ "ከባሌ ይሻላል" አለች።

ባለቤቴ ሲያየው፣ "እሱ ከገባ እኛ ወዴት እንወጣለን?" አለ። ጓሮ ቆርቆሮ ጣልንለት። ሁለት ዓመት እዚያ አደረ። በመጀመሪያው ወር በሁለት ገመድ አስሬ፣ እኔ በመሃል እየተቀመጥኩ ነው ትዕግሥትን የማሳየው። ከዚያ በአንድ ገመድ። ከዚያ ያለ ገመድ። እሷ ጆሮውን ትጎትታለች፣ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። ከማዳም ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ፎቶ ላኩልኝ የሚል። መልስ አልላክሁም። ብጽፍ ደህና ነው ማለት አለብኝ፤ ደህና ነው ካልኩ ውስጥ ያድራል ወይ ትላለች። ከዓመታት በኋላ ቤት ቀየርን፣ ደብዳቤውም ቀረ።

ትልቅ ውሻ ዕድሜው አጭር ነው ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ወገቡ አልታዘዝ አለው፣ ይስላል። ቆርቆሮው ያፈሳል። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲበረታ ብወጣ ውሃው መሃል ተኝቶ አየኝ። አልጮኸም። ምናለ ቢጮህ ብዬ ተናደድኩበት። ገብቼ ሥዕሎቹ ፊት በነጠላዬ መጋረጃ አደረግሁ፤ እመቤቴ ሆይ አትይኝ አልኩና ጎትቼ አስገባሁት። ያን ክረምት ሙሉ ከአልጋው አጠገብ አደረ። ትዕግሥት ከእኔ ጎን እየወረደች ሆዱ ላይ ትተኛለች፤ እሷን በዝናብ ማውጣት እንኳ የሚያስጨንቀኝ ሴት፣ አየሁና አላነሳኋትም። አባ ተክሌ ጸበል ሊረጩ በመጡ ቀን ጋሽ ደበላ ወስደው አቆዩልኝ። "ጌታው ዛሬ ከእኔ ጋር ናቸው" አሉ እንጂ ለምን ብለው አልጠየቁም። መስከረም ሳይጠባ ሞተ። እስከ ዛሬ የረጠበ ጋቢ ሲሸተኝ ያ ክረምት ይመጣብኛል።

ቅዳሜ ትዕግሥት ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው። የማዳም ፊት ታየ። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። "ዘኒ። ደህና ነሽ? ልጅ ደህና?" አለች፣ ከዚያ አማርኛዋ አለቀ። የሽማግሌዎች መኖሪያ እንደገባች፣ እዚያ ውሻ እንደማይፈቀድ፣ ስለዚህ የድሮዎቹን አንድ በአንድ እያሰበች እንደምትውል ትዕግሥት ተረጎመችልኝ። ስለ ኦሺን ልትጠይቅ ስትል አቋረጥኳት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳመላልሰው ነበር፤ ጥያቄዋን ከሰማሁ እንደገና ዝም እንደምል አውቄዋለሁ።

"ንገሪያት" አልኩ፣ "ሰውየው መጥቶ ነበር በያት።"

"የቱ ሰውዬ?" አለች ትዕግሥት።

"ወረቀቱን የያዘው። መጥቶ ነበር። በር አልተሳሳተም። የለችም ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።"

ልጄ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ተረጎመች። ለምን እንደሆነ ጨመርኩ፤ የተጻፈው የክርስትና ስሟ መስሎኝ እንደነበር፣ ልጠብቃት ብዬ እንደሆነ፣ ስልኩን ስታስቀምጥ ደግሞ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ስሟ ዛሬም በቤተሰባችን ጸሎት ውስጥ እንዳለ። ትዕግሥት የክርስትና ስም የሚለውን ለማስረዳት ብዙ ደከመች። ስትጨርስ ማዳምን አየኋት። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም። ትዕግሥት ጎንበስ ብላ፣ "ኔትወርክ ሄደ እንዴ?" አለች።

የኔትወርክ ጉዳይ አልነበረም። ማዳም ወደ ስልኩ ቀረብ አለችና በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

"ውስጥ?"

ውስጥ ነው ማለት እችል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል? "ሁለት ዓመት ውጭ ነው ያደረው" አልኩ። "የመጨረሻውን ክረምት ውስጥ።" ይህን ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ ትዕግሥት ሳትተረጉምላት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልተርጉም ያለችው ልጄም ቆመች። "እማዬ" አለች፣ "እኔ ያንን እኮ ብርድ ልብስ ነው የምለው። ልጅ ሆኜ የሚተነፍስ ግራጫ ብርድ ልብስ ነበረን እያልኩ ስነግርሽ ሕልም ነው ትይኝ ነበር።" አዎ፣ ሕልም ነው እላት ነበር። ይህንንም መናዘዝ ነበረብኝ።

ማዳም እንባዋን ጠረገች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ተቀይሜሻለሁም አላለችም። ረጅም ነገር ተናገረች፤ ትዕግሥት የተረጎመችልኝ ግን አጭር ነው። "እኔም እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ። የአንቺ የሚጻፈው ስም ማን ነው? ስምሽን ልያዝ ትላለች" አለችኝ።

ይህን ስም እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአባ ተክሌና በእሳቸው ቦታ ከተተኩት ቄስ በቀር የጠየቀኝ የለም። ባለቤቴ እንኳ የሰማው ስንቆርብ ነው። ሳላስበው በሩን አየሁት፤ ተዘግቷል። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። ጽፋ ያዘችና ልታነበው ሞከረች። መጀመሪያ መሃሉን ሰበረችው። ሁለተኛ መጨረሻውን ሰበረችው። ሦስተኛ ስትል ልጄ ሳቀች፣ እሷም ሳቀች፣ እኔ አልሳቅሁም። ይበቃል፣ እንደዚያው ጥሪው፣ ለሚሰማው ይገባዋል በያት አልኩ።

ይቅርታ አደረገችልኝ ማለት ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅሁም። ትዕግሥት አድርጋለች ትላለች። እንጃ። ብቻ ነገ እሑድ ነው፤ እዚያ አገር አንዲት ነጭ ፀጉር ሴት ስሜን ሰባብራ ትጠራዋለች። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።